ጨረቃን የረገጡ ሰዎችና የቡና አገራችን አፈር



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለበዓሉ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ ለኛ ለታሪክ ክበብ አባሎች ዕድል ስለ ተሰጠን፣ ምን ብንጽፍ ይሻላል ብለን ተመካከርን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ጅሬን ቤተ መንግሥት፣ ሌሎቹ ስለ ሕርማታ ገበያ እንጻፍ አሉ። በመጨረሻ ሁላችንም የተስማማንበት ግን ሰዎች ወደ ጨረቃ ሄደው ፊቷን እንዴት እንደ መረመሩ የሚናገረው ታሪክ ሆነ። «ይህ ከጅማ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጽሑፉንም ያዘጋጀነው ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ጨረቃና የአገራችን ሰው

የአገራችን ሰው ጨረቃን የሚያውቃት ከሳይንስ መጻሕፍት በፊት ነው። በጅማና በዙሪያዋ የሚኖረው እስላም ወገናችን የረመዳንን ጾም የሚይዘውም፣ የሚፈታውም አዲስ ጨረቃ ስትታይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም የፋሲካን ቀን የሚያወጡት በባሕረ ሐሳብ የጨረቃን አካሄድ ከፀሐይ አካሄድ ጋር በማስተያየት ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ የሚሆኑበት ያ ጥንታዊ ስሌት፣ አባቶቻችን ያለ መነጽርና ያለ መሣሪያ ጨረቃን ምን ያህል ተከታትለው እንደ ቈጠሯት ይመሰክራል። በቦረናም ወሮቹ የሚቈጠሩት በጨረቃ ነው።

ስለዚህ ጨረቃ ለኛ የማናውቃት እንግዳ አይደለችም። ይሁን እንጂ ከምድር እስከ ጨረቃ ያለው ርቀት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው ወደ ጨረቃ የሚያደርሰውን ያህል ለመሄድ ከጅማ አዲስ አበባ ከ1,000 ጊዜ በላይ መጓዝ ይኖርበታል ማለት ነው። ይህን ርቀት የሰው እግር ያቋርጠዋል ብሎ ማሰብ ለብዙ ዘመን እንደ ተረት ይቈጠር ነበር።

ወደ አዲስ አበባ የመጣው እንግዳ

ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የሶቪየት ኅብረት ሰው ዩሪ ጋጋሪን በመንኰራኵር ምድርን ዞሮ በደኅና ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ማን ይቀድም እንደሆነ በብርቱ ተፎካከሩ። ፉክክሩም ወደ አገራችን ምድር ሳይቀር ደረሰ፤ በዚያን ጊዜ በአስመራ በነበረው ቃኘው በሚባለው የአሜሪካ የጦር ሠፈር ትልልቅ የራዲዮ መቀበያ ሳሕኖች ተተክለው፣ የሶቪየት መንኰራኵሮች ከጠፈር የሚልኩትን ምልክት ይከታተሉ ነበር።

በነሐሴ 1957 ዓ.ም. ጎርደን ኩፐርና ቻርልስ ኮንራድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ጀሚኒ 5 በተባለችው መንኰራኵር ስምንት ቀን ያህል በጠፈር ቈይተው ምድርን 120 ጊዜ ዞሩ። ይህ ጉዞ ሰው ጨረቃ ደርሶ እስኪመለስ በሚፈጀው ጊዜ ሁሉ በጠፈር መኖር እንደሚችል ያረጋገጠ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ከጉዟቸው እንደ ተመለሱ በልዩ ልዩ አገሮች ጉብኝት ሲያደርጉ በመስከረም 1958 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል።

በዚያን ጊዜ ኮንራድ ገና ጨረቃን አልረገጠም። የኢትዮጵያን ምድር በረገጠ በአራት ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ግን ያው እግር በጨረቃ አፈር ላይ ቆመ። እንግዲህ ጨረቃን ከረገጡት ሰዎች አንዱ አስቀድሞ የአገራችንን መሬት ረግጦ ነበር ብንል ነገርን ማጋነን አይሆንብንም።

ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም.

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሐምሌ 1961 ዓ.ም. መጀመሪያ በዋሽንግተን የፕሬዚዳንት ኒክሰን እንግዳ ነበሩ። ከዚያ ስምንት ቀን ያህል ቈይቶ፣ ሐምሌ 9 ቀን፣ ቁመቱ 110 ሜትር የሚያህል ሳተርን 5 የተባለ ሮኬት ኒል አርምስትሮንግን፣ ኤድዊን ኦልድሪንንና ማይክል ኮሊንስን ተሸክሞ ተወነጨፈ። ኮሊንስ በዋናይቱ መንኰራኵር ጨረቃን ሲዞር፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ንስር በተባለችው ትንሽ መንኰራኵር ወረዱ። አርምስትሮንግ የሚያርፉበት ቦታ ታላላቅ ድንጋይ የሞላበት መሆኑን ባየ ጊዜ መሪውን በገዛ እጁ ይዞ አልፎ ሄደ፤ ነዳጁ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረውም በደኅና አረፈ። በአገራችን ሰዓት እሑድ ሐምሌ 13 ቀን ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነበር።

አርምስትሮንግ ከመሰላሉ ወርዶ ጨረቃን የረገጠው ሰኞ ሐምሌ 14 ቀን ሊነጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ሊሞላ 4 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በዚያች ሰዓት ጨረቃ ከጅማ ሰማይ ጠልቃ ነበር፤ ወሩም ክረምት ነው። በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም ሥርጭቱ ገና ከአዲስ አበባ ስላልራቀ፣ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በቦንጋ የነበረው ሰው ነገሩን የተረዳው በራዲዮና በጋዜጣ ነው። ዛሬ ሥዕሉን በቀላሉ የምናየው እኛ፣ በጆሮ ብቻ ሰምቶ ይህን የመሰለ ነገር ማመን ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ልናስብ ይገባናል።

አርምስትሮንግና ኦልድሪን በውጭ የቈዩት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። በዚህች አጭር ጊዜ የጨረቃን መንቀጥቀጥ የሚመዘግብ መሣሪያና የብርሃን ጨረር የሚመልስ መስተዋት ተከሉ። በዚያ መስተዋት አማካይነት ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከምድር እንደምትርቅ ታውቋል። 21 ኪሎ ግራም ተኩል የሚሆን ድንጋይና አፈርም ሰበሰቡ።

ስለዚህ አፈር አንድ ሊታወስ የሚገባው ነገር አለ። አርምስትሮንግ ሥራውን ሲጨርስ የድንጋዩ ሣጥን ክፍት ቦታ እንዳለበት አይቶ፣ ቦታው እንዳይባክን በማለት አፈር በአካፋ እየዛቀ ጨመረበት። በኋላ ሊቃውንት ያንን አፈር ሲመረምሩ ደቃቅ ነጫጭ የድንጋይ ስብርባሪ አገኙበት፤ ከዚያም በመነሣት ጨረቃ በመጀመሪያ ፊቷ በሙሉ የቀለጠ ድንጋይ ባሕር እንደ ነበረ ለማሰብ በቁ። ሣጥን ለመሙላት የተጨመረ አፈር ትልቁን ምስጢር ይዞ ተገኘ።

ኮንራድ በጨረቃ ላይ

ኅዳር 5 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በአገራችን ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ አፖሎ 12 ተነሣ። አዛዡ በአዲስ አበባ የተቀበልነው ኮንራድ ነበር። ሮኬቱ ገና እንደ ተነሣ መብረቅ መታው፤ መሣሪያዎቹም ለጊዜው ተናወጡ። ነገር ግን ሰዎቹ ሳይደናገጡ ነገሩን አስተካክለው ጉዟቸውን ቀጠሉ። ኅዳር 10 ቀን ኮንራድና አለን ቢን የማዕበል ውቅያኖስ በተባለው ሜዳ ላይ አረፉ፤ ሪቻርድ ጎርደን ከላይ ሆኖ ጠበቃቸው።

ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት፣ በሚያዝያ 1959 ዓ.ም.፣ ሰው የሌለባት ሰርቬየር 3 የተባለች መንኰራኵር በዚያው ሜዳ ላይ አርፋ ነበር። ኮንራድ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ከርሷ 160 ሜትር ያህል ርቆ ብቻ አረፈ። ሁለቱ ሰዎች ሁለት ጊዜ ወጥተው በያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል ሠሩ። ወደ ሰርቬየርም በእግራቸው ሄደው ካሜራዋንና ሌሎች ክፍሎቿን ቈርጠው አመጡ፤ ይህም ዕቃ በጠፈር ብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ረዳ። ሥራው ሁሉ ግን የተቃና አልነበረም፤ የቴሌቪዥኑ ካሜራ ፊቱ ወደ ፀሐይ ስለ ዞረ ተበላሽቶ፣ ዓለም የቀረውን ሥራቸውን ለማየት አልቻለም።

በኋላ የተደረጉት ጉዞዎች

በሚያዝያ 1962 ዓ.ም. አፖሎ 13 በመንገድ ላይ የኦክስጅን ዕቃዋ ስለ ፈነዳ ሰዎቿ ጨረቃን ሳይረግጡ በታላቅ ችግር ተመለሱ። በጥር 1963 ዓ.ም. በአፖሎ 14 የሄዱት ሼፐርድና ሚቸል አንድ ታላቅ ጉድጓድ አፋፍ ለመድረስ ዳገት ሲወጡ ደክመው፣ ጊዜአቸውም ስላለቀ ተመለሱ፤ ከአፋፉ የራቁት በጥቂት አሥር ሜትሮች ብቻ እንደ ነበር የታወቀው በኋላ ነው። በሐምሌ 1963 ዓ.ም. የአፖሎ 15 ሰዎች በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ይዘው ሄዱ፤ ከአራት ቢልዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነጭ ድንጋይም አመጡ። በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. አፖሎ 16 የጨረቃን ደጋማ ክፍል መረመረች።

የመጨረሻው ጉዞ አፖሎ 17 ሲሆን ታኅሣሥ 2 ቀን 1965 ዓ.ም. ዩጂን ሰርናንና ሃሪሰን ሽሚት አረፉ። ሽሚት ስለ ድንጋይና ስለ መሬት አቀማመጥ የተማረ ሊቅ ነበር። ሌሎቹ ተጓዦች አብዛኞቹ የጦር አውሮፕላን ነጂዎች ስለ ነበሩ፣ ድንጋይን ከድንጋይ ለመለየት በሐዋይና በአይስላንድ የእሳተ ገሞራ ምድር ላይ እየተወሰዱ መማር ነበረባቸው። ሽሚት ግን ሙያው ራሱ ይኸው ነው። ሾርቲ በተባለው ጉድጓድ አጠገብ ሲሄድ ከግራጫው ትቢያ ውስጥ ብርቱካንማ ቀለም ያለው አፈር አየ። ያ አፈር በጥንት ዘመን ከጨረቃ ሆድ እንደ ምንጭ ፈልቆ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ሆኖ ተገኘ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሊቃውንት በነዚያ ደቃቅ ብርጭቆዎች ውስጥ ጥቂት የውሃ ምልክት አገኙ።

ሰርናንና ሽሚት በመኪናቸው በጠቅላላው 35 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ፤ ከጅማ ተነሥቶ ወደ አጋሮ ለሚሄድ ሰው ይህ መንገድ አጋሮ አያደርሰውም። ታኅሣሥ 5 ቀን ከጨረቃ ተነሡ። በስድስቱ ጉዞዎች 12 ሰዎች ጨረቃን ረግጠው 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር ለዓለም አበረከቱ። ከዚያም በኋላ ከአምሳ ዓመት በላይ የሰው እግር አልደረሰባትም።

አንድ ዐይነት ድንጋይ፣ ሁለት ዐይነት ዕድል

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። በጨረቃ ፊት ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየን «ባሕር» የተባለው ሜዳ ውሃ አይደለም፤ ከሦስት ቢልዮን ዓመት በላይ አስቀድሞ ከውስጥ ፈስሶ የረጋ ባዛልት የሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የኢትዮጵያ ደጋም፣ የጅማ አካባቢ ጭምር፣ ከሠላሳ ሚልዮን ዓመት በፊትና በዚያ ግድም በፈሰሰ ተመሳሳይ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው።

እንግዲህ ድንጋዩ ወንድማማች ከሆነ፣ በጨረቃ ላይ ትቢያ፣ በጅማ ላይ ቡና የሆነው ስለ ምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው። ጨረቃ አየርና ዝናብ የላትም። ቀኗ በጣም ይሞቃል፤ ሌሊቷ እጅግ ይበርዳል፤ ድንጋይዋን የሚፈጨው ከጠፈር የሚወድቅ ድንጋይ ብቻ ነው። በኛ ምድር ግን ዝናብ ድንጋዩን ለብዙ ሺህ ዓመት አላልቶ፣ ቅጠል በስብሶበት፣ ሥር ገብቶበት፣ ትልም ፈንቅሎት ቀይ ጥልቅ አፈር ሆነ። በዚያ አፈር ላይ ዋንዛና ሰሳ ቆሙ፤ ከጥላቸውም ሥር ቡና በቀለ። አረቢካ የተባለው የቡና ዘር የተገኘው በዚሁ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው። አርምስትሮንግና ኦልድሪን በጨረቃ ላይ ከተመገቡት የመጀመሪያ ምግብ ጋር ቡና ነበረ። ያ ቡና ከየትኛውም አገር ይለቀም፣ ቡናን ለዓለም የሰጠው የኛው ደን መሆኑን ማንም አይክድም።

በጨረቃ ላይ ነፋስና ዝናብ ስለሌለ የነዚያ ሰዎች ዱካ ለብዙ ዘመን ሳይጠፋ ይኖራል። በኛ አገር ግን ዱካ ብቻ ሳይሆን አፈሩ ራሱ ይሄዳል። ደኑ በተመነጠረበት ዳገት ላይ የክረምት ጎርፍ ቀዩን አፈር እየጠረገ ወደ ግልገል ጊቤ ያወርደዋል፤ ለኤሌክትሪክ ኃይል በተገደበው ውሃም ውስጥ ደለል ሆኖ ይቀመጣል። ያንን ዝናብ ሕይወት ሰጪ ያደረገው ደን ሲጠፋ፣ ያው ዝናብ አጥፊ ይሆናል። ጨረቃ ከመጀመሪያውም አፈር አላገኘችም፤ እኛ ግን ያገኘነውን ልናጣው እንችላለን።

«የተራበ እያለ ጨረቃ ምን ይጠቅማል?»

ይህ ጥያቄ በአገራችን ብቻ የሚነሣ አይደለም። አሜሪካ ለአፖሎ ሥራ 25 ቢልዮን ዶላር ያህል አውጥታለች። አፖሎ 11 ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ራልፍ አበርናቲ የተባሉት የጥቁሮች መብት ታጋይ ድኾችን አስከትለው ወደ ሮኬቱ ሥፍራ በመሄድ፣ ወደ ጨረቃ ሰው ለመላክ አቅም ያለው መንግሥት የተራበውን ሕዝቡን ችላ ማለቱን ተቃውመው ነበር። እኛም ይህን ክርክር በክበባችን ተከራክረንበታል፤ አንዳንዶቻችን ከአበርናቲ ጋር ስንቆም ሌሎቻችን ተቃወምን። ሁላችንም የተስማማንበት ግን አንድ ነገር ነው፤ ዕውቀት ለእንጀራ ካልዋለ ጎዶሎ ነው፤ እንጀራም ያለ ዕውቀት አይዘልቅም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን በቻይና እርዳታ ወደ ጠፈር የላከቻት የመጀመሪያ ሳተላይት ዋና ተግባር እርሻን፣ የአየር ጠባይንና አካባቢን መከታተል ነበር። ስለዚህ ወደ ሰማይ የወጣው ጥበብ ተመልሶ የገበሬውን ማሳ ሊመለከት ይችላል ማለት ነው።

ከቦንጋ የወጣ ሊቅ

ከቡና ከተሞቻችን አንዷ በሆነችው በቦንጋ በ1940 ዓ.ም. ዶክተር ቅጣው እጅጉ ተወለዱ። አርምስትሮንግ ጨረቃን ሲረግጥ ዕድሜአቸው 21 ዓመት ነበር። በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረው፣ ወደ ጃፓን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ናሳ በሚባለው የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤትና ሮክዌል በተባለው ኩባንያ በመንኰራኵርና በሳተላይት ሥራ ተሰማርተው አገልግለዋል፤ በጥር 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ዐርፈዋል። እኒህ ሰው የተነሡት በሩቅ አገር ካለ ቤተ መንግሥት ሳይሆን፣ ልጆች ዛሬም በቡና ለቀማ ወላጆቻቸውን ከሚያግዙበት ከተማ ነው። ይህን ስናስብ በክፍል ውስጥ የምንቀመጥበት ወንበር ትንሽ መስሎ አይታየንም።

መደምደሚያ

ውድ ወላጆቻችን፣ መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን፤ ጨረቃ ላይ ከወጡት ሰዎች ታሪክ እኛ የተማርነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እነዚያ ሰዎች የሄዱት አፈር ለማምጣት ነው፤ ያመጡትንም አፈር ዓለም እንደ ወርቅ ይጠብቀዋል፤ እንግዲያው ከደጃችን ያለውን፣ ከዚያ ይልቅ ሕይወት ያለበትን አፈር ልናቀልለው አይገባም። ሁለተኛ፣ ብርቱካንማውን አፈር ሌላ ሰው ረግጦት ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ሽሚት ያስተዋለው ተምሮ ስለ ነበረ ነው። ሦስተኛ፣ ሥራው ያለቀለት አይደለም፤ ገና ያልተመረመረ ብዙ ነገር በሰማይም በምድርም አለ።

ስለዚህ የክበባችን አባሎች በዚህ ክረምት በትምህርት ቤታችን ግቢ በታች ባለው ዳገት ላይ፣ ጎርፉ አፈሩን በሚያጥብበት ቦታ፣ የዋንዛና የሰሳ ችግኝ ለመትከል ተስማምተናል። ችግኙን በመስጠትም ሆነ ጉድጓድ በመቈፈር ሊረዳን የሚፈልግ ሁሉ በማንኛውም የትምህርት ቀን በክበባችን ክፍል ሊያገኘን ይችላል።